ፌርማን ያሳሳተው ቁጥር፦ 4294967297

አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት። በአሃዝ ሲጻፍ 4294967297 ነው። ላይ ላዩን ለተመለከተው ከሌላው ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር የሚለይበት ነገር ያለ አይመስልም። ሆኖም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት ታላላቅ የሂሳብ ሊቃውንት አንዱ ስለዚህ ቁጥር የተሳሳተ ነገር ተናግሯል፤ ስሕተቱም ሳይገለጥ ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቷል። ስሕተቱን ያጋለጠው ስሌት ደግሞ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊሠራው የሚችል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ቁጥሩን ከልዩ ልዩ አቅጣጫ እንመረምረዋለን። አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢከተለን ይበልጥ ይጠቀማል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምስት ምስክሮች

ከ2 እንነሣ። 2ን በራሱ እናባዛው፤ የተገኘውን ውጤት እንደገና በራሱ እናባዛው፤ እንዲሁ እያልን እንቀጥል። የሚከተሉትን ቁጥሮች እናገኛለን፦

2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65536፣ 4294967296

እነዚህ በቅደም ተከተል 2¹፣ 2²፣ 2⁴፣ 2⁸፣ 2¹⁶ እና 2³² ናቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ስንጨምር ደግሞ፦

3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537፣ 4294967297

ይሆናሉ። ዛሬ የፌርማ ቁጥሮች የምንላቸው እነዚህና በዚሁ መንገድ የሚቀጥሉት ናቸው።

ብቸኛ ቁጥር ወይም በተለምዶ ፕራይም የምንለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ሙሉ ቁጥር ነው። ሌላ አካፋይ ያለውን ውሑድ ቁጥር እንለዋለን። ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ 3፣ 5፣ 17 እና 257 ብቸኛ መሆናቸውን ማረጋገጥ ቀላል ነው። 65537 ጥቂት ድካም ይጠይቃል፤ ከ256 በታች ባሉት 54 ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ብንሞክረው አንዱም ያለ ቀሪ አያካፍለውም። ስለዚህ እርሱም ብቸኛ ነው። አምስት ለአምስት!

ፒዬር ደ ፌርማ በሙያው የሕግ ሰው ነበር። በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ፍርድ ቤት በአማካሪነት ያገለግል ነበር፤ በሂሳብ ይመራመር የነበረው በትርፍ ጊዜው ነው። በ1640 ፍሬኒክል ደ ቤሲ ለተባለ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ እነዚህን ቁጥሮች እስከ 18446744073709551617 ድረስ ዘርዝሮ፣ ሁሉም ብቸኛ እንደሆኑ ማመኑን ገልጿል። ሙሉ ማረጋገጫ እንዳልነበረው ግን አልደበቀም። ይህ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ ዓመታት ሲያልፉ ጥርጣሬው እየሳሳ ሄደ፤ በ1659 ለካርካቪ በላከው ጽሑፍ ይህንኑ ግምት ማረጋገጫ አለኝ ከሚላቸው ውጤቶች ጎን አስቀምጦታል።

በችሎት ፊት አምስት ምስክሮች አንድ ቃል ከተናገሩ ዳኛው ፍርዱን ለመስጠት አይቸገርም። ሂሳብ ግን ከዚህ የጠበቀ ችሎት ነው። አንድ ሙሉ ቁጥር ወስደን ካሬው ላይ ራሱንና 41ን እንደምር። ከ0 ብንጀምር 41 ይወጣል፤ በ1 ብንሞክር 43፣ በ2 ብንሞክር 47፣ በ3 ደግሞ 53 እናገኛለን። ሁሉም ብቸኛ ናቸው። እስከ 39 ድረስ ብንቀጥል አርባዎቹም ውጤቶች ብቸኛ ሆነው ይገኛሉ። በ40 ስንሞክር ግን 1681 ይመጣል፤ ይህም 41 ሲባዛ በ41 ነው። አርባ ምስክር መስክሮ አርባ አንደኛው አፈረሰው። የፌርማ ግምት የቆመው በአምስት ብቻ ነበር።

የጎልድባህ ጥያቄና የኦይለር መልስ

በ1729 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር መግቢያ ክርስቲያን ጎልድባህ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ለነበረው ለወጣቱ ሌዎናርድ ኦይለር ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ግርጌ፣ ፌርማ ስለነዚህ ቁጥሮች የተናገረውን ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ኦይለር ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። መልሱን በ1732 ለአካዳሚው አቀረበ፤ ጽሑፉም በ1738 ታተመ። መልሱ አንድ መስመር ነው፦

4294967297 = 641 × 6700417

አንባቢ ይህን በቃላችን ብቻ እንዲቀበል አንፈልግም። በእጅ ስልክ ላይ ያለው መሣሪያ በቀላሉ ያረጋግጠዋል፤ ስምንት አሃዝ ብቻ የሚያሳየው የጠረጴዛ ካልኩሌተር ግን አይበቃም። እኛ በውጭ አገር የሂሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ»፣ አንዳንዴም «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» እየተባለ በሚጠራው ዘዴ እንጠቀም። ከማጠፍና ከመክፈል በቀር ሌላ ነገር አይጠይቅም፤ የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል መያዝም አያስፈልገውም። በግራ በኩል ያለውን ቁጥር ለሁለት እየከፈልን ትርፉን እንጥላለን፤ በቀኝ በኩል ያለውን እናጥፋለን።

641 — 6700417
320 — 13400834
160 — 26801668
80 — 53603336
40 — 107206672
20 — 214413344
10 — 428826688
5 — 857653376
2 — 1715306752
1 — 3430613504

በግራ በኩል ጎደሎ ቁጥር ያለባቸውን ሦስት መስመሮች ማለትም የ641፣ የ5 እና የ1ን ብቻ ወስደን በቀኝ ያሉትን እንደምራቸው፦

6700417 + 857653376 + 3430613504 = 4294967297

ዘዴው የሚሠራው 641 = 1 + 128 + 512 ስለሆነ ነው። ይህ የመደራረብ ሐሳብ ወደ ኋላ እንደገና ያገለግለናልና በልባችን እንያዘው።

641 ከየት መጣ?

መጀመሪያ አንድ የሚያስገርም ነገር እንበል። ምንም ብልሃት ሳንጠቀም ቁጥሩን ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7 እያልን በብቸኛ ቁጥሮች ተራ በተራ ብናካፍለው፣ 641 በሰልፉ ላይ 116ኛው ነው። ሁለት ሦስት ቀን መድቦ የተቀመጠ ትጉህ ሰው ይደርስበታል። ፌርማ ይህን ያህል እንኳ አልሄደም ማለት ነው።

ኦይለር ግን 116 ጊዜ ማካፈል አላስፈለገውም። መጀመሪያ ባሳተመው ጽሑፍ መንገዱን ሳይገልጽ ውጤቱን ብቻ አስቀመጠ፤ ምክንያቱን ከዓመታት በኋላ በጻፈው ሌላ ሥራ አብራራው። መንገዱ እንዲህ ነው።

«ሀ» የ4294967297 ብቸኛ አካፋይ ነው እንበል። ይህ ማለት 2³² ለሀ ሲካፈል ቀሪው «ሀ ለመሙላት አንድ የጎደለው» ቁጥር ነው ማለት ነው። አንድ የጎደለው ቀሪ ካሬ ሲደረግ ሁልጊዜ ቀሪ 1 ይሰጣል፤ ለምሳሌ 6 ለ7 አንድ ይጎድለዋል፣ 6 × 6 = 36 ለ7 ሲካፈልም 1 ይተርፋል። ስለዚህ 2⁶⁴ ለሀ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው።

አሁን የ2ን ርቢዎች ቀሪ በተራ እንመልከት። አካፋዩ 7 ቢሆን ቀሪዎቹ 2፣ 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1 እያሉ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ 1 ላይ ከደረሱ በኋላ ዙሩን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ዕጣ እንደሚጀምር ዕቁብ ይደጋገማሉ። በ7 የዙሩ ርዝመት 3 ነው። በእኛ «ሀ» የዙሩ ርዝመት ስንት ነው? በ64ኛው ቦታ ላይ 1 ስላገኘን ርዝመቱ 64ን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት፤ ማለትም 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ወይም 64 ነው። ነገር ግን 32 ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆን ኖሮ በ32ኛው ቦታ ላይ 1 ይገኝ ነበር፤ እዚያ ያለው ግን አንድ የጎደለው ቀሪ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ ልክ 64 ነው።

የመጨረሻው እርምጃ «የፌርማ ትንሹ ቲዎረም» ይባላል። ሀ ብቸኛ ቁጥር ከሆነና አንድን ቁጥር ያለ ቀሪ ካላካፈለው፣ ያ ቁጥር ወደ «ሀ ሲቀነስ 1» ርቢ ከፍ ሲል ለሀ ተካፍሎ 1 ይተርፋል። ለምሳሌ ሀ 7 ቢሆን 3⁶ = 729 = 7 × 104 + 1 ነው። በዚህ መሠረት በ«ሀ ሲቀነስ 1»ኛው ቦታ ላይ የግድ 1 ስለሚገኝ፣ «ሀ ሲቀነስ 1» የዙሩ ርዝመት የ64 ብዜት መሆን አለበት። ስለዚህ የምንፈልገው አካፋይ የ64 ብዜት ሲደመር 1 ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም።

እጩዎቹ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ። ከነዚህ ውስጥ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። 4294967297 ለነዚህ ሲካፈል በቅደም ተከተል 109፣ 2፣ 325፣ 288 እና 0 ይተርፋሉ። በአምስተኛው ሙከራ በሩ ተከፈተ።

ማካፈሉን እንኳ በረጅሙ መሥራት አያስፈልግም። ትልቁን ቁጥር ትተን ቀሪውን ብቻ ካሬ እያደረግን መሄድ እንችላለን። ለ641 እንሥራው። 2⁸ = 256። 256 × 256 = 65536፤ ይህ ለ641 ሲካፈል 154 ይተርፋል። 154 × 154 = 23716፤ ይህም ለ641 ሲካፈል 640 ይተርፋል። እንግዲህ የ2³² ቀሪ 640 ነው። 1 ስንጨምርበት 641 ሞላ። አለቀ።

ይህን ካየን በኋላ ከታሪኩ ሁሉ የከበደን አንድ ነገር አለ። ትንሹን ቲዎረም የገለጸው ራሱ ፌርማ ነው፤ የገለጸውም በዚያው በ1640 ለዚያው ለፍሬኒክል በጻፈው ሌላ ደብዳቤ ነው። ከዚህም በላይ በዚያው ዓመት 2³⁷ ሲቀነስ 1፣ ማለትም 137438953471፣ ብቸኛ አለመሆኑን ያሳየው በዚሁ ዓይነት ብልሃት ነበር። የዚያ ቁጥር አካፋይ የ74 ብዜት ሲደመር 1 መሆን ስላለበት፣ 149ን ሞክሮ ካለፈ በኋላ 223 ላይ ይደርሳል፤ በእርግጥም 137438953471 = 223 × 616318177 ነው። ቁልፉ በኪሱ ነበረ፤ ያንኑ ቁልፍ በሌላ በር ላይ ተጠቅሞበታል። አንዳንድ የሂሳብ ታሪክ ጸሐፊዎች ፌርማ 641ን ሞክሮት በስሌት ላይ ስቶ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ። እኛ ደግሞ ግምቱ ውብ ሆኖ ስለታየው ሊጥለው አልፈለገም ብለን እንጠረጥራለን። ሰው የወደደውን ነገር አጥብቆ አይመረምርም።

ሳያካፍሉ ማወቅ

641 የቁጥሩ አካፋይ መሆኑ አንዴ ከታወቀ በኋላ ይህንኑ ያለ ምንም ማካፈል ማሳየት ይቻላል። 641ን በሁለት መንገድ እንጻፈው፦

641 = 5 × 2⁷ + 1
641 = 5⁴ + 2⁴

ከሁለተኛው መስመር 2⁴ = 641 − 5⁴ እናገኛለን። 2³² ደግሞ 2⁴ ሲባዛ በ2²⁸ ስለሆነ፣ ይህን ስናስገባ 2³² = 641 × 2²⁸ − (5 × 2⁷)⁴ ይሆናል። በቅንፍ ውስጥ ያለው ከመጀመሪያው መስመር እንደሚታየው 640፣ ማለትም ለ641 አንድ የጎደለው ነው። አንድ የጎደለው ቁጥር ወደ አራተኛ ርቢ ከፍ ሲል 1 እንደሚተርፈው አይተናል። ስለዚህ 2³² ከ641 ብዜት በ1 ያነሰ ነው፤ 1 ሲጨመርበት ይሞላል።

ሌላው መንገድ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደስተን ነው። ለ4 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር ሁሉ የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፤ የሚጻፈውም በአንድ መንገድ ብቻ ነው። 13 = 2² + 3²፣ 29 = 2² + 5²፣ 41 = 4² + 5² ናቸው፤ ሌላ መንገድ የላቸውም። ይህንንም የተናገረው ፌርማ፣ ያረጋገጠው ኦይለር ነው። እንግዲህ አንድ ቁጥር በሁለት የተለያዩ መንገዶች ከተጻፈ ብቸኛ አይደለም ማለት ነው። የእኛ ቁጥር ከአፈጣጠሩ 65536² + 1² ነው። ነገር ግን፦

62264² = 3876805696
20449² = 418161601

ሁለቱ ሲደመሩ 4294967297 ይሆናሉ። ሁለተኛ መንገድ ተገኘ! ውሑድነቱ በዚህ ብቻ ተረጋገጠ።

ከሁለቱ አጻጻፎች አካፋዮቹን ማውጣትም ይቻላል። የትላልቆቹ ልዩነት 65536 − 62264 = 3272፣ ድምራቸው 127800 ነው። የትናንሾቹ ልዩነት 20449 − 1 = 20448፣ ድምራቸው 20450 ነው። 3272 እና 20448 ታላቅ የጋራ አካፋያቸው 8 ነው፤ ስንከፍላቸው 409 እና 2556 ይቀራሉ። እነዚሁ ሁለት ቁጥሮች በድምሮቹም ውስጥ አሉ፦ 20450 = 50 × 409፣ 127800 = 50 × 2556። 8ን እና 50ን በግማሽ ከፍለን 4 እና 25 እንውሰድ። አሁን ካሬዎቹን እንደምር፦

4² + 25² = 641
409² + 2556² = 6700417

ማንኛውንም ቁጥር ለማንኛውም ሳናካፍል ሁለቱም አካፋዮች ከነሙሉ ገጽታቸው ወጡ።

ታላቁ አካፋይ 6700417 ራሱ ብቸኛ ነውን? የእርሱ ብቸኛ አካፋይ ሁሉ የ4294967297ም አካፋይ ስለሆነ ያው ገደብ ይይዘዋል። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካ በ1878 ገደቡን ይበልጥ አጥብቆ፣ አካፋዩ የ64 ብቻ ሳይሆን የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን እንዳለበት አሳየ። የ6700417 ስኩዌር ሩት ከ2589 ያነሰ ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉት እጩ ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። ሲካፈል የሚተርፉት ደግሞ 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ናቸው። ስለዚህ 6700417 ብቸኛ ነው። ሰባት አሃዝ ያለውን ቁጥር ብቸኛነት በአምስት ማካፈል ብቻ ማረጋገጥ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቁጥሩ ጎረቤቶች

ከቁጥራችን በ2 የሚያንሰው 4294967295 ነው። 2³² − 1 ስለሆነም የካሬዎችን ልዩነት ሕግ ደጋግመን ስንጠቀም እንዲህ ይበተናል፦

4294967295 = 3 × 5 × 17 × 257 × 65537

አምስቱ ምስክሮች በአንድነት ተሰለፉ። ከዚህ ወዲያውኑ አንድ ነገር ይከተላል። ከነዚህ ከአምስቱ አንዱ 4294967297ንም ቢያካፍል ኖሮ የሁለቱን ልዩነት 2ንም ያካፍል ነበር፤ ይህ ደግሞ የማይሆን ነው። የፌርማ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ጋር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ይህን ጎልድባህ በ1730 ለኦይለር ጽፎለታል። የቁጥሮቹ ሰልፍ ማለቂያ ስለሌለውና እያንዳንዱ አዲስ ብቸኛ አካፋይ ይዞ ስለሚመጣ፣ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው በዚህም ይታወቃል።

በ1796 የአሥራ ስምንት ዓመቱ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ 17 እኩል ጎን ያለው ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። ከዚያም የጎደሎ ጎን ብዛት የሚፈቀደው የተለያዩ ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች ብዜት ሲሆን እንደሆነ ታወቀ። ስለዚህ እስከ ዛሬ በሚታወቀው ትልቁ እንዲህ ያለ ጎደሎ ቁጥር ይኸው 4294967295 ነው። ዮሐን ኸርመስ የተባለ ጀርመናዊ ለ65537 ጎን ቅርጽ አሠራር አሥር ዓመት ያህል ደክሞበታል፤ ለእርሱ ሲባል ኦይለር 641ን ማግኘቱ ደግ ሆነ እንላለን።

የኮምፒዩተር ተማሪዎች ደግሞ ይህን ጎረቤት በሌላ ስሙ ያውቁታል። በ32 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ አዎንታዊ ሙሉ ቁጥር ነው። በአራተኛው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎችም ከ0 ጀምረው እስከዚህ ይቆጠራሉ፤ ብዛታቸው 4294967296 ነው። የእኛ ቁጥር 33ኛ ቢት ይፈልጋል። ምልክት በሌለው የ32 ቢት ቁጥር 65536 × 65536 + 1 ብሎ ያዘዘ ፕሮግራም ጸሐፊ መልሱ 1 ሆኖ ቢያገኘው መሣሪያው ተበላሽቷል እንዳይል፤ ቁጥሩ ከሣጥኑ ሞልቶ ፈስሶ ነው።

ሐሰተኛው ምስክር

ትንሹን ቲዎረም በተቃራኒው ብንጠቀምበትስ? ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ 3ን ወደ 4294967296ኛ ርቢ ከፍ አድርገን ለ4294967297 ስናካፍል 1 መትረፍ ነበረበት። ርቢው አስፈሪ ይመስላል፤ ነገር ግን 2³² ስለሆነ 3ን ካሬ አድርጎ፣ ቀሪውን እንደገና ካሬ እያደረጉ 32 ጊዜ መቀጠል ብቻ ነው። ከላይ በማጠፍ ያባዛንበት ሐሳብ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ የሚተርፈው 3029026160 ነው፤ 1 አይደለም። ስለዚህ አንድም አካፋይ ሳናውቅ ቁጥሩ ውሑድ መሆኑን አወቅን። ፔፓን የተባለው ፈረንሳዊ በ1877 ይህን ሐሳብ ለፌርማ ቁጥሮች ሁሉ ወደሚያገለግል ቁርጥ ያለ መፈተኛ አሳደገው።

በ3 ፋንታ 2ን ብንመርጥስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በ2 ርቢዎች ዙሩ 64 ነው፤ 4294967296 ደግሞ የ64 ብዜት ነው። ስለዚህ ቀሪው 1 ይሆናል። ቁጥሩ ውሑድ ሆኖ ሳለ ፈተናውን ያልፋል። እንዲያውም ማንኛውም የፌርማ ቁጥር፣ ብቸኛም ይሁን ውሑድ፣ በ2 ሲፈተን ሁልጊዜ ያልፋል። በ2 ብቻ የፈተነ ሰው ሐሰተኛ ምስክር አምኗል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት

ከ65537 ወዲህ አንድም ብቸኛ የፌርማ ቁጥር አልተገኘም። የእኛን ቁጥር ስድስተኛ ብለን ብንቆጥር፣ ከእርሱ ጀምሮ እስከ 33ኛው ድረስ ያሉት ሁሉ ውሑድ መሆናቸው ተረጋግጧል። ከእኛው ቀጥሎ ያለውን ባለ ሃያ አሃዝ ቁጥር በ1880 ፎርቱኔ ላንድሪ የተባለ የሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት በእጅ ስሌት 274177 × 67280421310721 መሆኑን አሳየ። ቀጣዩ 39 አሃዝ አለው፤ እስከ 1970 ድረስ ጠብቆ በሞሪሰንና በብሪልሃርት ዘዴ በኮምፒዩተር ተበተነ። ከዚያ በላይ ሲኬድ ነገሩ ይከብዳል። የ2¹⁶⁷⁷⁷²¹⁶ ሲደመር 1 ውሑድነት በ1999 ተረጋግጧል፤ ከአምስት ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው፤ ነገር ግን አንድም አካፋዩ አልተገኘም። ብቸኛ ይሁን ውሑድ ገና ያልተለየው የመጀመሪያው የፌርማ ቁጥር 34ኛው ሲሆን ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዝ አለው።

አንባቢ በራሱ እጅ እንዲሠራው የምንተውለት የላንድሪን ቁጥር ነው። 18446744073709551617 ማለት 2⁶⁴ + 1 ነው። 2³² ለ274177 ሲካፈል 258768 ይተርፋል፤ ይህም 274177 ለመሙላት 15409 ይጎድለዋል። ቀሪውን ካሬ በማድረግ ፋንታ ጉድለቱን ካሬ ብናደርግ ያው ውጤት ስለሚገኝ፣ የሚቀረው 15409ን በራሱ ማባዛትና ውጤቱን ከ274177 × 866 ጋር ማስተያየት ብቻ ነው።